ከሊማሊሞ እስከ ጨነቅ፦ የስሜን ተራሮች እንዴት ተሠሩ?

አጎቴ ዕድሜ ልኩን ጎንደር ውስጥ ድንጋይ ሲጠርብና ሲገነባ የኖረ ግንበኛ ነው። ድንጋይ ሲመርጥ ከማየቱ በፊት ይሰማዋል፤ በመዶሻው ጫፍ ኳ አድርጎ ጆሮውን ያቀርባል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠው «ይሄ ድፍን ነው፣ ለማዕዘን ይሆናል» ይላል። ድምፁ ፈዘዝ ካለ «ዓይናም ነው፣ ይቀላል፣ ግን ሲሚንቶ ይይዛል» ይላል። ባለፈው መስከረም መጨረሻ ከእሱ ጋር ለአንድ ቀን ወደ ስሜን ተራሮች ወጥተን ነበር። አስጎብኚያችን ጂኦሎጂ የተማረ የደባርቅ ልጅ ሆኖ ተገኘና ጉዞው ዋልያና ጭላዳ ከማየት አልፎ ድንጋዩን ራሱን ወደ ማየት ዞረ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ስለ ድንጋይ ሲነጋገሩ የሰማሁትን ነው እዚህ በቀላሉ ለማስረዳት የምሞክረው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ተራራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከመሬት ተገፍቶ የወጣ፣ እንደ እብጠት የተነሳ ነገር ነው። ስሜን እንዲያ አልተሠራም። መጀመሪያ ሰፊ አገር የሸፈነ የላቫ፣ ማለትም ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ አለት፣ ክምር ነበር፤ ዛሬ ተራራ የምንለው ከዚያ ክምር ላይ ውኃና በረዶ ቆርጠው ከወሰዱት የተረፈው ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል የሚያይ ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ባዶ አየር በአንድ ወቅት ድንጋይ ነበር።

ከመሠረቱ መጀመር

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከጎንደር ተነስተን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ጠዋት ደባርቅ ገባን። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን፣ ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ይዘን ስናበቃ በቀጥታ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር የምንወጣ መስሎን ነበር። አስጎብኚው ግን ሹፌሩን ወደ ሊማሊሞ አዞረው። «ቤት ከጣሪያው አይጀመርም፤ መሠረቱን አይተን እንውጣ» አለ። አጎቴ ልጁን የወደደው ያኔ ይመስለኛል።

ሊማሊሞ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍለው ያወጡት ጠመዝማዛ መንገድ ነው። መኪናው አንዱ ኩርባ ላይ ቆመ። ከፊታችን ያለው የገደል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በአግድም የተሰመረ ይመስላል፦ ወፍራም ጥቁር ሽፋን፣ ከሥሩ ቀጠን ያለ ቀይ መስመር፣ እንደገና ጥቁር፣ እንደገና ቀይ። ገደሉም በዚያው ልክ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል፤ ጥቁሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀዩ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ገባ ይልና ሣር የበቀለበት እርከን ይሆናል። ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ያለውን ድንጋይ ትራፕ ይሉታል፤ ቃሉ ከስዊድንኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ደረጃ ነው።

አስጎብኚው ነገሩን ያስረዳን በእንጀራ ነው። እያንዳንዱ ጥቁር ሽፋን አንድ የላቫ ፍሰት ነው፤ አንድ እንጀራ በሉት። ምድር ተሰነጠቀች፣ የቀለጠ አለት ወጣ፣ እንደ ቀጭን ሊጥ ሜዳው ላይ ተንጣለለ፣ ቀዘቀዘ፣ ድንጋይ ሆነ። ቆይቶ ሌላ ፈሰሰና በላዩ ተነጠፈ። እንጀራ ሲደራረብ መጀመሪያ የተጋገረው ከታች እንደሚሆን ሁሉ፣ የገደሉ ሥር ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ድንጋዩ ወጣት እየሆነ ይሄዳል። ጂኦሎጂ ውስጥ ከዚህ የሚቀድም ሕግ የለም። ቀኑን ከታች የጀመርነውም ለዚህ ነው።

እሳተ ገሞራ ሲባል ጫፉ የሚጨስ ሾጣጣ ተራራ ይታየናል። ይህ ሁሉ ላቫ የወጣው ግን በአብዛኛው ከረጃጅም ስንጥቆች ነው። ምን ሊመስል እንደሚችል በእኛው ዘመን በጥቂቱ ታይቷል፦ በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ርዝመት ተሰንጥቃ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፍታ ነበር። ክፍተቱን ከሥር የሞላው ቅልጥ አለት ነው፤ ወደ ላይ ወጥቶ የታየው ጥቂት ብቻ ነው። የስሜንን ዘመን ለመገመት ያ ከሥር የቀረው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ሲፈስ፣ ያውም ደጋግሞ ሲፈስ ማሰብ ያስፈልጋል።

ላቫ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) የበዛበት ላቫ ወፍራም ነው፤ ሩቅ ሳይሄድ እዚያው ይከመራል፣ ጋዙንም አፍኖ ስለሚይዝ ይፈነዳል። ሲሊካው ያነሰው ቀጭን ነው፤ ቁልቁለቱ ትንሽ ቢሆንም ብዙ ርቀት ይሄዳል። ይህ ቀጭኑ ሲቀዘቅዝ ባዛልት ይሆናል። እኛ ጥቁር ድንጋይ የምንለው፣ ኮብልስቶን የሚጠረብበት፣ የጎንደር ነገሥታትም ግንባቸውን ያቆሙበት ማለት ነው።

የድንጋይ ዓይን

አጎቴ ከመንገዱ ዳር አንድ ጡጫ የምታህል ድንጋይ አንስቶ መዳፉ ላይ መዘናት። «ዓይናም ናት» አለ።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለው አስጎብኚው፤ «ዓይኑም የእንጀራ ዓይን ነው።»

ነገሩ ምሳሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አሠራሩም ይመሳሰላል። እንጀራ ላይ ዓይን የሚወጣው ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ከምጣዱ ግለት ወደ ላይ ሲሸሽ፣ ሊጡ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ሲበስልና ሲጠነክር ነው። ላቫም ከጥልቅ ሲመጣ ውስጡ የታመቀ የውኃ እንፋሎትና ሌላ ጋዝ አለ። ጋዙ አረፋ እየሆነ ወደ ላይ ይሸሻል። የፍሰቱ ፊት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አረፋው ሳያመልጥ እዚያው ተይዞ ይቀራል። በዚህ የተነሳ የአንድ ፍሰት ላይኛው ክፍል ዓይናም፣ መሃሉ ድፍን ይሆናል፤ የእንጀራ ፊቱ ዓይናም ጀርባው ልስልስ እንደሆነው። ገደል ላይ አንዱ ፍሰት የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው። አጎቴ በመዶሻ የሚለየው ድፍንና ዓይናም ድንጋይ ከአንድ ፍሰት መሃልና ፊት የወጣ ሊሆን ይችላል። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ በእጁ ሲያውቀው የኖረውን ነገር ምክንያቱን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ለካ ከላይና ከታች ነው» አለ።

ወፍጮ የሚሆነውም ይህ ዓይናም ባዛልት ነው። መጁ ሲያልፍበት የዓይኖቹ ጠርዝ እህሉን ይይዘዋል፤ ድንጋዩ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ ከሥር አዲስ ዓይን ይከፈታል።

ያቺ የአጎቴ ድንጋይ አንዳንድ ዓይኗ ባዶ አልነበረም፤ በነጭ ነገር ተሞልቷል። አስጎብኚው ከአንገቱ ያንጠለጠላትን አጉሊ መነጽር አውጥቶ ሰጠን። ለዓይን የኖራ ነጠብጣብ የሚመስለው ነገር በመነጽሩ ሲታይ ከመሃል ወደ ዳር የሚበተኑ ቀጫጭን መርፌዎች ሆነ። ዚዮላይት የሚባል ማዕድን ነው። ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃ በድንጋዩ ውስጥ ሲንሸራሸር ከአለቱ ያሟሟውን ነገር ባዶው ዓይን ውስጥ ትቶት ያልፋል፤ ያ ቀስ በቀስ ክሪስታል ሠርቶ ቀዳዳውን ይሞላዋል። አጎቴ ድንጋዪቱን አገላብጦ አይቶ ወደነበረችበት መለሳት።

ቀዩ መስመር

ከሁሉም የገረመኝ ቀዩ መስመር ነው። ጥቁሩ ሽፋን የአንድ ፍሰት ታሪክ ነው፤ ምናልባት በወራት ወይም በዓመታት ያለቀ። ቀዩ ግን የዕረፍት ጊዜ ነው። ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ ለብዙ ዘመን ሌላ ሳይፈስ ሲቆይ ዝናብ ይዘንብበታል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ድንጋዩ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል። ባዛልት ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ አፈሩን ያቀላዋል። በዚያ አፈር ላይ ሣርና ዛፍ በቅሏል፤ አውሬ ረግጦታል። ከዚያ አዲሱ ላቫ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ መጣና ሁሉንም ሸፈነው። ከሥር የቀረው አፈር እንደ ሸክላ ተጠብሶ ቅላቱ ይበልጥ በረታ።

ስለዚህ ሊማሊሞ ላይ የምናየው አንድ ቀይ መስመር ማለት በአንድ ወቅት ሰው ቢኖር ኖሮ የሚያርሰው ማሳ ማለት ነው። ቀያዮቹን መስመሮች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ስቆጥር ጉም ወጥቶ ከለለኝ።

ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

አብዛኛው ላቫ የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ይህን ቁጥር ስሰማ ማን ቆጠረው የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣብኛል፤ መልሱም ቀላል ነው።

ድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በራሱ ጊዜ እየተለወጠ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። የሚለወጥበት ፍጥነት ቋሚ ነው፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። አለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲጠነክር ግን መውጫ ያጣል። ልክ እንደ ተከደነ ጋን ነው፦ ክዳኑ የተገጠመበት ቀን ላቫው የቀዘቀዘበት ቀን ነው፣ ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው አርጎን እዚያው አለ። ምን ያህል እንደተጠራቀመ ከተለካ ጋኑ መቼ እንደተከደነ ይታወቃል።

የሊማሊሞ ገደል ተመራማሪዎች ከታች እስከ ላይ ናሙና የወሰዱበት ቦታ ነው። ከዕድሜ ሌላ የለኩትም ነገር አለ። ባዛልት ውስጥ ያሉ ብረት አዘል ቅንጣቶች ላቫው ሲቀዘቅዝ የምድርን መግነጢስ ተከትለው አቅጣጫ ይይዛሉ፤ እንደያዙም ይቀራሉ። የምድር መግነጢስ ደግሞ በረጅም ዘመን ውስጥ ሰሜኑ ደቡብ እየሆነ ይገለባበጣል። የላቫው ክምር ያን ያህል ወፍራም ሆኖ ሳለ የተመዘገበበት መገለባበጥ ጥቂት ነው። ይህም ፍሰቱ በጂኦሎጂ ሚዛን በፍጥነት እንዳለቀ ያሳያል፤ አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው የወጣው። በዚያ ጊዜ የተከመረው ባዛልት አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የሸፈነው ስፋትም 600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከየት መጣ ይህ ሁሉ? ብዙ ሰው ከእግራችን በታች የቀለጠ አለት ባሕር ያለ ይመስለዋል። የለም፤ ማንትል የሚባለው የምድር ክፍል እጅግ የጋለ ቢሆንም በአብዛኛው ጠጣር ነው። እንዳይቀልጥ የሚይዘው ከላይ የሚጫነው ክብደት ነው። ከጥልቅ የሚነሳ የጋለ አለት ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጫናው ይቀንስለታል፤ ሙቀት ሳይጨመርበት፣ ጫናው ስለቀነሰ ብቻ መቅለጥ ይጀምራል። የዚያን ጊዜ በአሁኑ ኢትዮጵያና አፋር ሥር የሆነው ይህ ነው። ምድሩም ተወጥሮ ኋላ ተሰነጠቀ፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተከፈቱ፣ ስምጥ ሸለቆው ወረደ። ከባሕሩ ማዶ የየመን ተራሮች ላይ በዚያው ዘመን የፈሰሰ ተመሳሳይ ባዛልት አለ። ያኔ አንድ አገር ነበር፤ አንዱ የእንጀራ ክምር ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ማዶ ቀረ።

ጋሻውና ዓምዶቹ

ከሊማሊሞ ተመልሰን ደባርቅን አልፈን ወደ ሳንቃበር ወጣን። እዚያ ድንጋዩ አሁንም ባዛልት ነው፣ አወጣጡ ግን ተለውጧል። አገሩን ሁሉ ያጥለቀለቀው ታላቁ ፍሰት ሲበርድ ላቫው በየቦታው ከማዕከል መውጣት ያዘ። ፍሰቶቹ እየሳሱ፣ ርቀታቸውም እያጠረ ሄደ፤ ዙሪያውን እየፈሰሱ ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚያዘቀዝቅ ኮረብታ ሠሩ። ጋሻ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው መሬት ላይ ቢያስቀምጡት የሚኖረውን ቅርፅ አስቡ። ጂኦሎጂስቶችም ይህን ዓይነቱን የጋሻ እሳተ ገሞራ ይሉታል። ስሜን ታላቁ ፍሰት እንዳበቃ ወዲያው የቆመ ጋሻ ነው። ታናናሾቹን እናውቃቸዋለን፦ የጎጃሙ ጮቄ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከደብረ ታቦር በላይ ያለው ጉና 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው።

ስሜን ውስጥ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚገባው ለዚህ ነው። ሜዳ በመሰለ ቀስ ባለ ዳገት ላይ ጓሳውንና ጅብራውን እያየ ይሄድ ይሄድና ድንገት መሬቱ ያልቃል። የተራመደበት ዳገት የጥንቱ ጋሻ ፊት የቀረው ክፍል ነው። መሬቱ ያለቀበት ቦታ ደግሞ ጋሻው የተቆረጠበት ነው።

ገደሉ ለምን ተንሸራቶ ቁልቁለት አልሆነም? ለምን እንደ ግድግዳ ቀጥ አለ? መልሱን ከሳንቃበር አለፍ ብሎ መንገዱ ዳር አየነው፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ የድንጋይ ዓምዶች፣ አንዳንዱ አምስት፣ አንዳንዱ ስድስት ጎን ያለው። አጎቴ እጁን በአንዱ ዓምድ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራተተ። መሮ ያልነካው መሆኑን ለማመን ፈልጎ ይመስለኛል። «ይሄን የጠረበ ሰው የለም በለኝ» አለ።

«የለም ጋሼ። ቅዝቃዜ ነው የጠረበው።»

ዋልካ መሬት በበጋ ሲደርቅ እየጠበበ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቆቹ ተገናኝተው ብዙ ጎን ያላቸው ቅርፆች ይሠራሉ። ላቫም ሲቀዘቅዝ እንዲሁ ይጠባል። ቅዝቃዜው ከፊቱና ከሥሩ ወደ መሃል ሲገባ ስንጥቁ አብሮት ይገባል፤ በዚህ የተነሳ ዓምዶቹ ፍሰቱ በተኛበት ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ድንጋዩ እንግዲህ ገና ከልደቱ ወደ ታች ተሰንጥቆ ነው የሚጠብቀው። ውኃ በስንጥቁ ይገባል። ከሥሩ ያለው ቀይ ሽፋን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይሸረሸራል፤ ዓምዱ መቆሚያ ሲያጣ ሙሉውን ተገንጥሎ ይወድቃል። የሚቀረው ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው፣ ምክንያቱም የተገነጠለው ቀጥ ባለው ስንጥቅ ላይ ነው።

አምባ የምንለውም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ጠንካራ ፍሰት ከላይ እንደ ክዳን ይተኛል፣ ዙሪያው ይቆረጣል፣ ራሱ ሜዳ ጎኑ ገደል የሆነ ምሽግ ይተርፋል። ቤተ እስራኤል እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የጎንደርን ምድር ከያዙ ነገሥታት ጋር ሲዋጉ የተጠጉት በእነዚህ የስሜን አምባዎች ነበር። ማንም ያልገነባው ቅጥር ለዘመናት ጠብቋቸዋል።

ውኃው የሚቆርጥበት ቦታ

ጅንባር ፏፏቴ ጋ ለመድረስ ከመንገዱ ወርደን በአስታ ዛፎች መካከል በምታልፍ ቀጭን መንገድ ሄድን። ከማዶ ውኃው ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወረወራል። መስከረም ስለነበር ሞልቶ ነበር፤ ግን ከግማሽ በታች ሲደርስ ውኃ መሆኑ ቀርቶ ጉም ይሆናል።

ተራራው እንዴት እንደተቆረጠ ለማየት ከጅንባር የተሻለ ቦታ አላውቅም። ወንዙ ከላይ፣ በጋሻው ፊት ላይ ሲመጣ ምንም የማይጎዳ ጅረት ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል፤ የወደቀበትን ይቦረቡራል፣ ለስላሳውን ሽፋን ይበላል፣ ከላይ ያለው ጠንካራ ፍሰት ተንጠልጥሎ ይቀርና ይሰበራል። ፏፏቴው በዚያ መጠን ወደ ኋላ ይሸሻል። እንዲህ እያለ ወንዝ ሸለቆውን የሚያስረዝመው ከአፉ ሳይሆን ከላይኛው ጫፉ በኩል ነው። የስሜን ውኃ ሁሉ መጨረሻው ተከዜ ነው፤ ተከዜ ዝቅ ባለ መጠን ገባሮቹ ይበልጥ ይቆርጣሉ። ከገደሉ በታች ብቻቸውን እንደ ጣት የቆሙት ሾጣጣ አለቶች በግራና በቀኝ ተቆርጦባቸው ገና ያልወደቁ የክምሩ ቁራጮች ናቸው። አንዱን ሾጣጣና እኛ የቆምንበትን ገደል ብታስተያዩ ጥቁሩና ቀዩ መስመር ማዶ ለማዶ ይገጥማል። በመካከል የነበረው ሄዷል።

ጨነቅ፣ በረዶና አፈር

ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ስንደርስ ትንፋሽ አጥሮን ስለነበር ቀስ ብለን ተራመድን፤ ቀን ውሎ ለመመለስ የሚሄድ ሰው ውኃ መጠጣትና አለመሮጥ ይበቃዋል። ስካውቱ በጠመንጃው አፈ ሙዝ ሳይሆን በአገጩ ወደ ገደሉ አመለከተን። ሦስት ዋልያ እርከኑ ላይ ቆመው ይግጣሉ። ያ እርከን በሁለት ጥቁር ፍሰቶች መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን የተበላበት ነው። ድንጋዩ አንድ ወጥ ቢሆን ኖሮ እርከን ባልኖረ፤ እርከን ባይኖር አፈር የሚያርፍበት፣ ሣር የሚበቅልበት፣ ዋልያም ከአዳኝ የሚሸሸግበት ቦታ ባልኖረው ነበር።

ከጨነቅ በላይ ቧሒት አለ፣ ከቧሒት ማዶ ጥልቁን የመሸሃ ሸለቆ ተሻግሮ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ደጀን። ከዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዓለም በቀዘቀዘበት ዘመን፣ በእነዚህ ጫፎች ላይ ግግር በረዶ ነበር። በረዶው ሲንሸራተት ድንጋይ ገፍቶ ከፊቱና ከዳሩ የከመረው ክምር ዛሬም አለ። አሁን ግግር የለም፤ ውርጭ ግን ሥራውን አላቆመም። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀን ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውኃ ሌሊት ይረጋል፣ ስንጥቁን ይገፋል፤ በማግሥቱ ቀልጦ ጠልቆ ይገባል፣ ማታ እንደገና ይገፋል። አጎቴ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ ትልቅ አለት ሲፈነቅል በመስመር ቀዳዳ እየበሳ ሽብልቅ የሚመታው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር። ሲወራ የሚነሳው የዋልያው ቁጥር፣ እርሻውና ግጦሹ ነው፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2016 ለቀው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ አፈሩ ነው። ባዛልት የሚሰጠው አፈር ጥቁር፣ የላላ፣ ገብስ የሚወደው ነው፤ ገበሬው እዚያ ዳገት ላይ የወጣው አጥፊ ስለሆነ አይደለም፣ እሳተ ገሞራው የተወለትን ለም መሬት ተከትሎ ነው። በእነዚያ ቀይ መስመሮች እንዳየነው ድንጋይ አፈር እስኪሆን የሚፈጀው ዘመን ረጅም ነው። ጓሳው የተነቀለበት ዳገት ላይ ግን ያ አፈር በጥቂት ክረምት ይታጠባል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁሩ አለት አግጥጦ የሚታይባቸው ማሳዎች መንገድ ዳር አይተናል። እርከን ለሚሠራው፣ ዳገቱን ለሣር ለሚለቅ ገበሬ የሚገባው ድጋፍ በወሬ ሳይሆን በእህልና በገንዘብ ቢሆን እላለሁ።

ወደ 9 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ። ሩብ ሰዓትም አልቆየ። ስንመለስ መንገዱን የሚያቋርጥ ትንሽ ጎርፍ ገጠመን፤ ሹፌሩ እስኪጎድል ሲጠብቅ አስጎብኚው ወርዶ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጎርፉን ሞላና ለአጎቴ ሰጠው። «እንዳይነቀንቁት ጋሼ፣ ደባርቅ ድረስ እንዲሁ ይያዙልኝ።» መኪናው ቢነቀንቀውም አጎቴ በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው።

ደባርቅ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር አስጎብኚው የስልኩን መብራት ከጠርሙሱ ጀርባ አደረገ። ከሥር ጥቁር አሸዋ ተኝቷል፣ ከሱ በላይ ቡናማ ደለል፣ ከዚያ በላይ ገና ያልጠራ ውኃ። ይህ ውኃ ጎርፉ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ወደ ተከዜ፣ ከተከዜ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ወንዝ ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይሄድ ነበር። አጎቴ ጠርሙሱን ወደ ዓይኑ አቅርቦ ሁለት ጣቱን ከጎኑ ለካ። «ሁለት ጣት» አለ። ከዚያ ከፍቶ ዋጋ እንዳለው ነገር በጥንቃቄ ውኃውን አፈሰሰና ደለሉን ሆቴሉ በር ላይ ባለው የአበባ መደብ ውስጥ ደፋው።